ማቆሚያ የሌለው አስተማሪ

ዛሬም ስታፍ ውስጥ የተነሳው ክርክር የስልክ ነበር። ተማሪ ስልክ ይዞ ይግባ የሚሉት «ዘመኑ ነው» ይላሉ፤ አይግባ የሚሉት ደግሞ «ቲክቶክ ሊያዩበት ነው»። ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ደወሉ እስኪደወል የትም አልደረሱም። እኔ ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። የምለው ጠፍቶኝ አልነበረም፤ የኔ ነገር ከፕላዝማ ቴሌቪዥን ስለሚጀምር ረጅም ነው።

የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ወደየክፍሉ መግባት ሲጀምር ጅማ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያዘጋጁትም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። አስተማሪው ከስክሪኑ ላይ ይጠይቀናል፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገሰናል፣ ከዚያ «ዌል ደን!» ብሎ ያመሰግነናል። ያን ጊዜ አብዛኞቻችን ጥያቄውን እንኳ ገልብጠን አልጨረስንም። የራሳችን መምህር ጥግ ላይ ጠመኔ ይዘው ይቆማሉ፤ ስርጭቱ ሲያልቅ በተረፈቻቸው ጥቂት ደቂቃ ያለፈውን ሁሉ እንደገና ሊያስረዱን ይጣደፋሉ።

በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ አለ። ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር የሰውዬው ከንፈር ብቻ ሲንቀሳቀስ እናያለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱ እኛን አይጠብቅም፤ መብራቱ ሲመለስ ሌላ ነገር ላይ ደርሷል። (184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ የተመረቀው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ 1996 ላይ፣ እዚሁ አጠገባችን ነው። ይህን እያነሱ መሳቅ የከተማው ልማድ ነበር።)

ግን ላመሰግነው የሚገባኝም ነገር አለ። ሴል ሲከፈል መጀመሪያ ያየሁት በፕላዝማ ነው። ክሮሞዞሞቹ መሃል ላይ ተሰልፈው ወዲያና ወዲህ ሲጎተቱ አይቼ አፌን ከፈትኩ፤ ባዮሎጂ አስተማሪ ለመሆኔም የዚያች ምስል ድርሻ ትልቅ ነው። ግን ምስሉ አለፈ። «ያቺን እንደገና» ማለት አይቻልም። ማቆሚያው እኛ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ዛሬ ያስተማርኩት ቅጠል እንዴት እንደሚተነፍስ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰባ ገደማ ተማሪ አለ፤ የሚሠራው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። ድሮ በሰልፍ እያስኬድን እናሳይ ነበር፤ ኋላ ያለው ልጅ ተራው ሳይደርስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አሁን የራሴን ስልክ ካሜራ ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይን በሚደረግበት በኩል ደግፌ ከፕሮጀክተር ጋር አገናኘዋለሁ። የቡና ቅጠል የታች ገጹን መልክ የሌለው የጥፍር ቀለም ቀብተን ሲደርቅ በስኮች እንልጠዋለን፤ ስኮቹን መስታወት ላይ ለጥፈን ስናየው ስቶማታዎቹ፣ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች፣ ትናንሽ ከንፈር መስለው ይወጣሉ። የላዩን ገጽ እንዲሁ አድርገን ስናይ የሉም። በቡና ላይ ያሉት ከሥር በኩል ብቻ ነው።

ምስሉን አቆምኩት። እንደ ቆመ «ለምን ከሥር?» አልኩ። ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። መጠበቅ እችላለሁ፤ የሚያልፈኝ ስርጭት የለም። ጥያቄውን በአፋን ኦሮሞ ደገምኩት፣ ከዚያ በአማርኛ። ከማና ወረዳ የመጣች፣ እዚህ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዝገቱም የሚወጣው ከሥር ነው» አለች።

የጠየቅኩትን አልመለሰችም። ግን የተናገረችው ከጥያቄዬ ይበልጥ ነበር። የቡና ቅጠል ዝገት ፈንገስ ነው፤ የሚገባው በእነዚሁ በሮች በኩል ነው፤ ብርቱካንማው ዱቄት ከቅጠሉ ሥር የሚታየውም ለዚህ ነው። ልጅቱ በአባቷ ማሳ ስታየው ያደገችውንና ስክሪኑ ላይ ያለውን ራሷ አገናኘችው። ከዚያ ክፍሉን ማን ይያዘው! አንዱ 74110 የሚባለውን የቡና ዝርያ ዝገት አይይዘውም አለ፣ ሌላው ይይዘዋል አለ። እዚህ ላይ ገባሁበት፤ ቁጥሩ በ74 የሚጀምረው በፈረንጆቹ 1974 ስለተመረጠ መሆኑን፣ የጅማ ግብርና ምርምር የመረጠውም የቡና ፍሬ በሽታን እንዲቋቋም እንጂ ለዝገት ብሎ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። የዕለቱ ዕቅዴ ግማሹ ሳይነካ ቀረ፤ አልከፋኝም።

የቤት ሥራውን ነገር በአጭሩ ልጻፈው። ከኤአይ የተገለበጠ መልስ ማረም ሰልችቶኛል፤ የሠላሳ ልጅ ወረቀት አንድ እናት የወለደችው ነው የሚመስለው። ስለዚህ «ስለ ቅጠል በሽታ ጻፉ» ማለት ትቻለሁ። «ቅጠል አምጡና እሱ ላይ ያለውን ጻፉ» እላለሁ። ኤአይ የልጁን ቅጠል አላየውም። በቴሌግራም የምለቀው ማስታወሻም ቢሆን ስልኩ የአባት ስለሆነ አባት ማታ እስኪገባ የሚጠብቅ ልጅ አለ፤ ጨርሶ የሌለውም አለ። ቦርዱ ላይ ያልጻፍኩትን ነገር ፈተና ላይ አላወጣም።

እስካሁን በጻፍኩት ብቻ ከሄድኩ ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም፣ አንድ ስልክ በመምህሩ እጅ ይበቃል ማለቴ ነው፤ ስታፍ ውስጥም ብናገር የምለው ይህንኑ ነበር። የሚያስቸግረኝ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። ከ2016 ጀምሮ ከተፈታኙ የተወሰነው በኮምፒውተር እየተፈተነ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የኔ ካሜራ ምንም አይረዳም፤ ልጁ ራሱ መንካት መቻል አለበት። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ባዮሎጂውን እያወቀ «ቀጣይ» የሚለውን ሲፈልግ ደቂቃው ይበላል።

ለዚህ ብዬ የኮምፒውተር ክፍሉ ዓርብ ከሰዓት እንዲከፈትልን ጠይቄ ነበር። «ኔትወርክ የለም እኮ» ተባልኩ። ማውስ ለመያዝ ኔትወርክ አያስፈልግም። ነገ ሄጄ ቁልፉን እጠይቃለሁ።