የሁለት ሰዓት ባሕር፣ የሁለት አገር ግብር

ሄልሲንኪ የሄድኩት የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ ነው። ነርስ ናት፣ እዚያ ከኖረች ቆይታለች። ገና ቡና ሳይፈላ ስለ ግብር ጠየቅኳት፤ ይህን ጉዞ ሳስብ ጀምሮ በልቤ የነበረው እሱ ነው። ፊንላንድ ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ የግብር ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ከደሞዙ ስንት በመቶ እንደሚቆረጥ ተጽፏል። ቀጣሪው ያንን አይቶ ይቆርጣል፣ በቃ።

"አይበዛም?" አልኳት።

"ይበዛል እንጂ! ግን ልጆቼ ትምህርት ቤት ምሳ በነፃ ይበላሉ።"

ፊንላንድ ለተማሪው ሁሉ የነፃ ምሳን በሕግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። (ከዚህ በታችም ዓመቶቹ በሙሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ከጦርነት የወጣች፣ የተጎዳች አገር ነበረች። ገንዘቡ የት እንደገባ በልጁ ሳህን ላይ የሚያይ ሰው ቅር እያለውም ቢሆን ይከፍላል።

"ወደ ታሊን መሻገርህ ካልቀረ፣ ከመርከቡ የሚወርዱትን ሰዎች ልብ ብለህ እያቸው" አለችኝ።

ከሄልሲንኪ እስከ ኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን 80 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሁለት ሰዓት በመርከብ። ሄልሲንኪ ምዕራብ ወደብ ላይ ከታሊን የመጣው ተሳፋሪ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ጎማ ያላት ትንሽ ጋሪ የማይጎትት ሰው ጥቂት ነው። አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው አጠገቤ ቆመው የተንሸራተተባቸውን የቢራ ካርቶን እንደገና ደረደሩ። አራት ካርቶን ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ ከዚያ በላስቲክ ገመድ ጥፍንግ። ሥራው የለመዱት ነው፤ አንድ ቃል እንኳ አልተለዋወጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊንላንድ መጠጥ ላይ የምትጥለው ኤክሳይስ ታክስ በአውሮፓ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ ደግሞ ዋጋው ይረክሳል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ሰው ለራሱ የሚጠጣውን በአንዱ አገር ቀረጥ ከፍሎ ከገዛ፣ ሌላው አገር ውስጥ ዳግም አይከፍልም። "ለራሱ" ማለት ስንት ነው? የመመዘኛው መጠን 110 ሊትር ቢራ፣ 90 ሊትር ወይን፣ 10 ሊትር ጠንካራ መጠጥ ነው። ጋሪዎቹ የሚሞሉት በሕግ ነው ማለት ነው።

ኢስቶኒያ ኅብረቱን የተቀላቀለችው በግንቦት 2004 ነው። ፊንላንድ ይህ ጎርፍ እንደሚመጣ ስላወቀች ቀድማ፣ በመጋቢት 2004፣ የመጠጥ ታክሷን በአማካይ 33 በመቶ ቀነሰች። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሕዝቡ ባሕር ተሻግሮ ከሚገዛ እዚሁ ይግዛ፣ ገቢውም እዚሁ ይቅር ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሰው በብዛት ጠጣ። ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ሞት ጨመረ። ከዚያ በ2008 ታክሱን መልሰው ማሳደግ ጀመሩ። የግብር ክርክር ሁልጊዜ በበጀትና በመቶኛ ይወራል። የዚህኛው ውጤት ግን ሆስፒታልና መቃብር ላይ ታየ። ቀድሞ ያውቁት የነበረ መሆኑ ደግሞ ያሳዝነኛል፤ መጠጥ ሲረክስ ፍጆታው እንደሚጨምር ለማንም አዲስ ነገር አይደለም።

ታሊን ስደርስ የከተማው አውቶቡስ ላይ ከፍዬ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አልከፈለችም። የከተማዋ ተመዝጋቢ ነዋሪ ከ2013 ጀምሮ በነፃ ይሳፈራል። ከጀርባው ግብር አለ። ከአንድ ሰው የገቢ ግብር ላይ ድርሻ የሚደርሰው ለተመዘገበበት ማዘጋጃ ቤት ነው። ታሊን እየኖረ ሌላ ቦታ የተመዘገበው ሁሉ ለነፃው አውቶቡስ ሲል ስሙን ወደ ከተማዋ ሲያዛውር፣ የግብር ድርሻውም አብሮት ይመጣል።

ኢስቶኒያ በግብር ስሟ የገነነ አገር ናት። በ1992 ማርት ላር የሚባል የ32 ዓመት ወጣት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1994 ለሁሉም ሰው አንድ ወጥ የ26 በመቶ የገቢ ግብር ተደነገገ። በዘመኑ አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያው ነበር፤ ጎረቤቶቿም ተከተሉ። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ የኩባንያ ትርፍ እዚያው ኩባንያው ውስጥ እስካለ ድረስ ግብር የለበትም። የሚከፈለው ለባለድርሻዎች ሲከፋፈል ነው። ጆርጂያ በ2017፣ ላትቪያ በ2018 ይህንኑ ወሰዱ።

እኔን የማረከኝ ግን የአከፋፈሉ ቅለት ነው። አንድ የማውቀው ኢስቶኒያዊ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። የዓመቱ የገቢ ማስታወቂያ ቅጽ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። ደሞዙ፣ የተቆረጠበት ግብር ሁሉ ገብቷል። አይቶ ልክ ከሆነ ይልካል። ብልጫ ከከፈለ ገንዘቡ ወደ ባንክ ሒሳቡ ይመለስለታል። እኛ አገር በሐምሌ አነስተኛው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ሲሰለፍ የሚውለው ትዝ አለኝ። ግብሩን ሊከፍል የመጣን ሰው ቀኑን ሙሉ ማቆም በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው።

ከታሊን በባቡር ወደ ደቡብ፣ ቫልጋ ወረድኩ። ይህቺ ከተማ እንደ ሞያሌ ናት፤ አንዱ ጎን ኢስቶኒያ፣ ሌላው ጎን ላትቪያ፣ እዚያ ሲሻገሩ ስሟ ቫልካ ይሆናል። ከ2007 መጨረሻ ወዲህ ኬላው ተነስቷል። እንደማንኛውም መንገድ ተሻገርኩ።

እዚህ ደግሞ ጋሪ የሚጎትቱት ራሳቸው ኢስቶኒያውያን ናቸው። መንግሥታቸው በ2017 የቢራ ኤክሳይስን በአንዴ ሰቀለው። ፊንላንዳዊው ወደ ታሊን እንደሚሻገር ሁሉ፣ ኢስቶኒያዊው ወደ ላትቪያ ነዳ። ድንበሩ ላይ የመጠጥ መደብሮች በቀሉ። ኢስቶኒያ በሐምሌ 2019 የቢራና የጠንካራ መጠጥ ኤክሳይሷን 25 በመቶ ቀነሰች። በወሩ ላትቪያ የጠንካራ መጠጧን 15 በመቶ ቀንሳ መለሰች።

አንዱ መደብር ውስጥ ሻጩን "ዋጋ የምትወስኑት ምን አይታችሁ ነው?" አልኩት። በእጁ ወደ ሰሜን አሳየኝ። "እዚያ ስንት እንደሚሸጥ አይተን።"

አሁን ኢስቶኒያ ገንዘብ በጣም ያስፈልጋታል። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ የመከላከያ ወጪዋ አሻቅቧል። ወደ 20 በመቶ ወርዶ የነበረው ወጥ ግብሯ ወደ 22 በመቶ ወጥቷል፣ በ2025 የመኪና ታክስ ጀምራለች፣ ቫቷ በሐምሌ 2025 24 በመቶ ደርሷል። ላትቪያ ውስጥ ቫት 21 በመቶ ነው። ወታደር ለማቆም ብላ የጨመረችው ታክስ፣ የቫልጋን ሰው መንገድ ተሻግሮ እንዲገዛ ይገፋዋል።

ኅብረቱ አባል አገሮች ከዚያ በታች እንዳይወርዱ ለመጠጥ ያስቀመጠው የኤክሳይስ ወለል አለ። የተቆረጠው በ1992 ነው፣ እስካሁን አልተነካም፤ ለወይን ዜሮ ነው። ዋጋ ሁሉ በጨመረበት በዚህ ሁሉ ዓመት ያው ቁጥር እንዳለ ቆሟል። ለማሳደግ 27ቱም አገሮች መስማማት አለባቸው። ወይን የሚያመርቱት አገሮች የሚሉት አላቸው፣ ርካሽ ሻጮቹም እንዲሁ። እኔ ግን ቢያሳድጉት እላለሁ። ያኔ ፊንላንድ ስለ ዜጎቿ ጤና ስትወስን የታሊንን መደርደሪያ መፍራቷ ይቀንሳል፣ ኢስቶኒያም የቫልካን።