ፊቱ ከጥቁሩ ይወጣል

አቴንስ ኤርሙ በሚባለው የገበያ መንገድ መሃል ካፕኒካሬያ የምትባል ትንሽ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለች። ከሥራ ስወጣ ሻማ ላበራ ጎራ እል ነበር። የግድግዳ ሥዕሎቿ እንደ ሕንፃዋ ጥንታዊ ይመስሉኝ ነበር። አብዛኞቹን የሣሉት ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፎቲስ ኮንቶግሉና ተማሪዎቹ ናቸው።

ኮንቶግሉ እ.ኤ.አ. በ1895 በትንሿ እስያ፣ አይቫሊ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ መነኩሴ አጎቱ አሳደጉት። ፓሪስ ሄዶ የምዕራቡን ሥዕል አየ። በ1922 ከአገሩ ተሰዶ ግሪክ ገባ፤ በዓመቱ ወንዶች ብቻ የሚገቡበት የመነኮሳት ስፍራ ወደሆነው አቶስ ተራራ ወጥቶ የጥንቶቹን ሥዕሎች ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ። እስኪሞት፣ እስከ 1965 ድረስ፣ የባይዛንታይኑን፣ የጥንቱን የግሪክ ቤተ ክርስቲያን አሣሣል መልሶ ለማቆም ደከመ። እኔም ስደተኛ ነኝና ታሪኩ ሆዴን አባባው። ሴት ስለሆንኩ አቶስ መግባት አልችልም፤ የካፕኒካሬያ በር ግን ለእኔም ክፍት ነው።

ይህን የቅዱሳን ሥዕል አሣሣል የሚያስተምሩ አንዲት እናት አገኘሁ፤ ኪሪያ (በግሪክኛ «ወይዘሮ») እላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ጣውላዬ ተበላሸ። የቆዳውን ሙጫ ቶሎ ይሟሟልኝ ብዬ አፈላሁት፤ ከፈላ ደግሞ ኃይሉን ያጣል። በዚያው ሙጫ ለውሼ ስምንት ጊዜ ደራርቤ የቀባሁት ጄሶ በሳምንቱ ተሰነጣጥቆ ተላጠ። ዛሬ ሙጫውን በሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጬ ቀስ ብዬ አሟሟለሁ።

ቀለሙ የሚለወስበት እንቁላል ላይ ግን እጄ ቶሎ ለመደ። አስኳሉን ከመዳፍ መዳፍ እያዘዋወርኩ ነጩን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ሲደርቅልኝ ስስ ቆዳውን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ከታች በመርፌ እወጋዋለሁ፤ አስኳሉ ብርጭቆው ውስጥ ሲወርድ ቆዳው ጣቴ ላይ ይቀራል። ከዚያ ውሃና ጠብታ ኮምጣጤ ጨምሬ የቀለሙን ዱቄት አሽበታለሁ።

የከበደኝ ፊቱ ነው። ኪሪያ «የእመቤታችንን ፊት በሙሉ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ ቀቢው» ሲሉኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ይህን መደብ ፕሮፕላዝሞስ ይሉታል። በላዩ ቀለሙን አቅጥኖ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረቡ ወደ ብርሃን ይወጣል፤ ነጩ በመጨረሻ፣ ዓይን ሥርና አፍንጫ ላይ በቀጭን መስመር ብቻ ይገባል። እኔ ቸኩዬ ነጭ አበዛሁበት፤ ፊቷ ዱቄት የተነፋበት መሰለ። «ጥቁሩ ምን አደረገሽ? ተይው፣ ይታይ» አሉኝ።

ሦስት ጊዜ ፍቄ ጀመርኩት። አራተኛው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ቫርኒሽ ገና አልነካውም፤ በግራ ጉንጯ ጥግ አረንጓዴው በስሱ ይታያል።