ብርድ ልብስ ገባ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አዲስ ብርድ ልብስ አስመጣሁ። ሱቄ ደሴ፣ ፒያሳ ነው፤ አንሶላ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ውድና የተከበራችሁ ደንበኞቻችን እንደምን ሰነበታችሁ! ድርጅታችን ከመቼውም ጊዜ በተሻለ መልኩ እናንተን ለማገልገል ባለው ጽኑ ፍላጎት መሠረት ጥራታቸውን የጠበቁ፣ ለቅዝቃዜ ወቅት ተስማሚ የሆኑ ልዩ ልዩ ብርድ ልብሶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ማስገባቱን ሲገልጽ በታላቅ ደስታ ነው።»

ያኔ ቻናሉ ላይ 640 ሰው ነበር። በማግስቱ ከመልእክቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት 212 ሰው እንዳየው ታሳያለች። የደወለ ግን አንድም ሰው የለም። ኮምቦልቻ የምትኖር እህቴ ቻናሉ ላይ አለች። ደወልኩላትና «መልእክቴን አየሽው?» አልኳት።

«አዎ አየሁት። ሰላምታ ነው አይደል?»

ስልኳ ላይ ብቅ ያለው ያ ብቻ ነበር። ማሳወቂያው የሚያሳየው የመጀመሪያዋን አንድ ሁለት መስመር ነው። እነሱን ሰላምታዬ ጨርሷቸዋል። ብርድ ልብሱ ታች ተቀብሮ ቀርቷል።

ይሄ ነገር ከነከነኝ። እኛ ወሎዎች ሰላምታ እንወዳለን። ሰው ሱቅ ሲገባ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው ሳልጠይቅ ዋጋ አልናገርም፤ ነውር ነው። መልእክቱንም የጻፍኩት ሰው ፊቴ እንደቆመ አድርጌ ነው። ግን ፊቴ የቆመ ሰው የለም። ያለው ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ በአንድ እጁ ስልኩን የያዘ ሰው ነው።

መልሱን ያገኘሁት መናኸሪያ ነው። ለኮምቦልቻ ደንበኛ ዕቃ ልልክ ሚኒባስ አጠገብ ቆሜአለሁ። ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ወዴት እንደሚሄድና ስንት ቦታ እንደቀረ፣ በቃ። የሚሄድ ሰው ሮጦ ገባ፤ የማይሄድ ዞር ብሎም አላየ። ስለ መኪናው ጥራት አንድ ቃል አልተናገረም። ሰፈር ለሰፈር እየዞረ «ልዋጭ!» የሚለውም እንዲሁ ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ግን አሮጌ ልብስ ያላት ሴት ሁሉ በሩን ትከፍታለች።

ቤት ገብቼ መልእክቴን እንደገና አነበብኩት። ከ«ድርጅታችን» ጀምሬ ቃላቱን ቆጠርኩ። «ማስገባቱን» የምትለዋ 24ኛ ቃል ናት። አማርኛችን ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ፊት ለፊት ስናወራ ሰሚው ይጠብቀናል። ስልክ ላይ ግን አውራ ጣት አይጠብቅም። ሃያ ሦስት ቃል አንብቦ ምን እንደተደረገ ያላወቀ ሰው ያልፋል፤ ቢያልፍም አልፈርድበትም። ታዲያ ግሱን እየጎተቱ ከፊት መሰካት አያስፈልግም፤ ያ ደግሞ አማርኛውን ያበላሸዋል። ዐረፍተ ነገሩን ማሳጠር ነው። «ብርድ ልብስ ገባ።» ሦስት ቃል። ግሱም ሩቅ አልሆነም።

ኢንተርኔት የማይጠቀሙ ደንበኞቼ ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ አለኝ። ለእነሱ ተራ ቴክስት እልካለሁ። ይሄኛው ጥሩ አስተማሪ ሆነኝ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ቴክስት የሚይዘው 70 ሆሄ ነው፤ በላቲን ፊደል ግን 160 ይይዛል። ባዶ ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፤ ሂሳቡም የሁለት ይሆናል። ደግነቱ አንዱ ሆሄያችን አናባቢውንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ 70ው ብዙ ይናገራል። «ወፍራም ብርድ ልብስ ገባ። የሁለት ሰው 2,800 ብር። ፒያሳ።» ባዶ ቦታው ሁሉ ተቆጥሮ 39 ሆሄ ነው። አሁን ለቴሌግራም የምጽፈውንም መጀመሪያ በዚህ ልክ ነው የማስበው። ዝርዝሩ፣ ቀለሙና ኪሎው ከሥር ይከተላል፤ የፈለገ ወርዶ ያነበዋል።

ዋጋ ላይ ብዙ አንገራገርኩ። ብዙዎቻችን «ዋጋ በውስጥ መስመር» እንላለን። እኔም እንደዛ ነበርኩ፤ ጎረቤት ያለ ነጋዴ አይቶ ይቀንስብኛል ብዬ። አንድ ጊዜ «በጥቅምት አንድ አጥንት፣ በደሴ አንድ ብርድ ልብስ» ብዬ ለጠፍኩ። ሰው ወደደው፣ ለወዳጁ ላከው፣ ሳቀበት። ዋጋ ግን አልነበረበትም፤ የሸጥኩት ሁለት ነው። በሳምንቱ ያንኑ ፎቶ ከነዋጋው ስለጥፈው የደወሉት ለመግዛት የቆረጡ ነበሩ። ፎቶውም ቢሆን ከፋብሪካው የተላከውን ትቼ ሱቄ በር ላይ በፀሐይ ያነሳሁት ነው። ብርድ ልብሱን አጥፌ ጠርዙን በእጄ ይዤዋለሁ፤ ውፍረቱ ከጣቴ ጋር ይታያል።

አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ያመኛል። ሰው ቶሎ እንዲወስን ብዬ «ዛሬ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። እውነት አልነበረም፤ በማግስቱም ዋጋው ያው ነበር። ጢጣ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ያን ዕለት መጥተው ገዙ። በማግስቱ በሱቁ ሲያልፉ ዋጋው እንደተለጠፈ አዩት። ገባ ብለው በዝግታ «ልጄ፣ ዛሬ ብቻ ብለሽ ነበር እኮ። እኔ ተበድሬ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ገንዘቡን ልመልስላቸው ብል «የወሰድኩትንማ አልመልስም» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ «7 ቀርቷል» የምለው መደርደሪያው ላይ ሰባት ሲቀር ብቻ ነው። ሲያልቅ ደግሞ «አለቀ» ብዬ እጽፋለሁ።

ሌላው ቆይቶ የገባኝ፣ ለሁሉም አንድ መልእክት መላክ ልክ አለመሆኑ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ስትደርስ ጃኬትህን ታወልቃለህ። እዚያ ላለ ሰው ወፍራም ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል? ለኮምቦልቻ ሌላ ቻናል ከፈትኩ። እዚያ የሚጻፈው ስለ ስስ አንሶላና መጋረጃ ነው፤ በሚኒባስ በዚያው ቀን እንደምልክም ሁለተኛው መስመር ላይ አለ።

ሰላምታውን አልተውኩትም። ሰው ሲደውል ስለ ልጆቹም ስለ ጤናውም እስኪበቃን እናወራለን፤ ዋጋውን አስቀድሞ አውቆታልና ጊዜ አለን። ባለፈው ሳምንት «ስስ አንሶላ ገባ። 1,100 ብር።» ብዬ ላክሁ። ስልኩን ሳላስቀምጥ እህቴ ደወለች። «ነጩን ሁለት አስቀምጪልኝ» አለችና እናታችን እንዴት እንደዋለች ጠየቀችኝ።