ከሐዋሳ ኤርፖርት እስከ ፒያሳ ተጋርቶ መሄድ

ሐዋሳ በ2008 ዓ.ም. በረራ ሳይጀመርላት በፊት ከአዲስ አበባ የምመጣው በመኪና ነበር። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ እያልኩ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። አሁን አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያደርሰኛል። ጣጣው የሚጀምረው ከወረድኩ በኋላ ነው። ኤርፖርቱ ከተማው ውስጥ አይደለም። በሐይቁ ሰሜን በኩል ወጣ ብሎ ነው ያለው፣ ጥቁር ውሃ በሚባለው ሰፈር አድርጎ ነው ወደ ከተማ የሚገባው። ሻንጣ ይዞ በእግር የሚሞከር አይደለም።

እናቴ አዲስ አበባ የዓይን ሕክምና ጀምራ ስለነበር ባለፈው ዓመት ብዙ ተመላልሻለሁ። የመጀመሪያ ቀን ደክሞኝ ስለነበር አልተከራከርኩም፤ ኮንትራት ያዝኩና ሄድኩ። መሀል ሐዋሳ፣ ፒያሳ ስወርድ አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ የመጣው ሰው ከሌላ መኪና ሻንጣውን ሲያወርድ አየሁት። ከአንድ ቦታ ተነስተን አንድ ቦታ ለመድረስ ሁለታችንም የሙሉ መኪና ሂሳብ ከፍለናል። በጣም ቆጨኝ። መጋራት አለብኝ ያልኩት ያን ቀን ነው።

በሁለተኛው ጉዞ ሚኒባስ አገኘሁ። ሹፌሩ «በሰው ነው፣ ግባ፣ አሁን ይሞላል» አለኝ። አራት ሰዎች ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። አስር ደቂቃ ጠበቅን። ሃያ ሆነ። ከተርሚናሉ የሚወጣው ሰው እየሳሳ መጣ፣ ከዚያ ጭራሹን ቆመ። ሹፌሩ ግን አሁንም «ሁለት ሰው ብቻ!» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ኤርፖርት መናኸሪያ አይደለም። መናኸሪያ ቀኑን ሙሉ ሰው ይመጣል፣ ስለዚህ የጎደለው መኪና ዘግይቶም ቢሆን ይሞላል። እዚህ ግን ሰው የሚመጣው አውሮፕላን ሲያርፍ ብቻ ነው። ሐዋሳ የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ቢሞላ እንኳ ሰማንያ ሰው አይደርስም። ከዚያ ውስጥ ብዙው ዘመድ ይቀበለዋል ወይም የሆቴል መኪና ይወስደዋል። የቀረው ሻንጣውን እንደተቀበለ ወዲያው ይበተናል። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ያልሞላ መኪና እስከሚቀጥለው በረራ አይሞላም። በመጨረሻ አምስታችን ተመካክረን የጎደሉትን ሁለት ወንበሮች ተካፍለን ከፈልንና ተነሳን። ያም ሆኖ ከኮንትራቱ በብዙ ይቀንሳል። ቀድመን ብናስበው ኖሮ ያን ሁሉ ፀሐይ ላይ ባልተቀመጥን።

ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ። «የሻንጣ ለብቻ ነው» ተባልን። ሲያስገባን ስለ ሻንጣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከሁላችን የበለጠ ዕቃ ነበራትና ጫናው እሷ ላይ ወደቀ። አሳዘነችኝ። ተጋግዘን ከፈልንላት። ከዚያ ወዲህ እግሬን ሳላስገባ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ዋጋው በሰው ነው በመኪና? ሻንጣ ይጨምራል? ባይሞላስ መቼ ትነሳለህ? የብሩን መጠን እዚህ አልጽፍም፣ የነዳጅ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል።

ትልቁን ነገር የተማርኩት ግን እናቴን ይዤ ስመጣ ነው። የዓይን ሞራ ተገፍፎላት አንድ ዓይኗ ተሸፍኗል። ብዙ መጠበቅ አትችልም፣ ፀሐይም አይመከርላትም። ስለዚህ ቦሌ የመሳፈሪያ ክፍል ውስጥ ሳለን ከሰው ጋር መነጋገር ጀመርኩ። «ሐዋሳ የት ነህ ወንድሜ?» ከማለት የበለጠ ነገር አይደለም። አንዱ ገብርኤል አካባቢ ነው። ሁለት ጓደኛሞች አቶቴ ናቸው። እኛ ፒያሳ። ስናርፍ አምስታችን አንድ ላይ ወጣንና አንድ መኪና በኮንትራት ተደራደርን፤ ሂሳቡን ለአምስት አካፈልነው። ሌላ ሰው መጠበቅ የለ፣ «ሁለት ሰው ብቻ» የለ።

የአወራረዱን ቅደም ተከተልም ሳንነሳ ጨረስን። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ሹፌሩ ዝም ከተባለ ለራሱ በሚመቸው መንገድ ነው የሚዞረው። ከሰሜን በጥቁር ውሃ ስለምንገባ ፒያሳ ይቀድማል፣ አቶቴ ይከተላል። የገብርኤሉ ልጅ እሱ ጋ መጀመሪያ ቢሄድ ይመቸው ነበር፤ ቀጠሮ ነበረው። እናቴን አየት አደረገና «እማማ ይቅደሙ፣ እኔ ከዚያ በባጃጅ እሄዳለሁ» አለ። እናቴ እስክትወርድ እየመረቀችው ነበር።

ዛሬም ብቻዬን ስሆንና መኪናው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሆን ጥቁር ውሃ ላይ እወርድና ባጃጅ እይዛለሁ። እጄ ላይ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ካለ ይሄም ጥሩ ነው።

ወደ ኤርፖርት ሲኬድ ግን አልጋራም፣ ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ካልሆነ በቀር። ስንመጣ መዘግየት የሚያስከፍለን ጊዜ ብቻ ነው፣ ስንሄድ ግን ትኬት ነው የሚያስከፍለን። አንድ ሰው ከቤቱ ዘግይቶ ቢወጣ ሁላችንንም አውሮፕላኑ ያመልጠናል። በተለይ በፍቼ ጫምባላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ሰሞን ከተማው በሰው ይሞላል፣ መንገዱም ይጨናነቃል፣ ያን ጊዜ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው የምወጣው።

የገብርኤሉ ልጅ ስልኬን ወስዶ ነበር። እሱም ለሥራ በየወሩ ይመላለሳል። ከዚያ ወዲህ ትኬት ሲቆርጥ ይደውልልኛል፣ እኔም እደውልለታለሁ። የእናቴ ቀጣይ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ስንመለስ እሱም እዚያው በረራ ላይ ነው። አሁን የቀረን ሁለት ሰው መፈለግ ነው፣ ያንን ደግሞ ቦሌ ስንደርስ እንጠይቃለን።