ፍጥሞን በመርከብ፦ ለአራት ሌሊት ጉዞ መድን ይገዛ ወይስ ይቅር?

ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ የሚነሱት የሦስትና የአራት ሌሊት የሽርሽር መርከቦች ብዙዎቹ ሚኮኖስን፣ የቱርኳን ኩሻዳሲን፣ ፍጥሞን፣ ቀርጤስንና ሳንቶሪኒን በአንድ ዙር ያዳርሳሉ። ከኩሻዳሲ ወርዶ ኤፌሶንን ማየት ይቻላል። ፍጥሞ ደግሞ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት ናት። አውሮፓ የሚኖሩ ልጆች ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ ወይም ከባሕር ዳር ወላጆቻቸውን ሲያስመጡ ይህን ጉዞ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ክፍያው ላይ ሲደርሱ ግን "የጉዞ መድን ይጨመር?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አብዛኛው ሰውም ሳያነብ ወይ ይቀበለዋል ወይ ያልፈዋል።

የእኔ መልስ አጭር ነው። ለትኬቱ ብላችሁ አትግዙ፤ ለጤና ግን ሳትገዙ ወላጆቻችሁን መርከብ ላይ አታሳፍሩ።

አንድ የጉዞ መድን ውል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ታስረው ይሸጣሉ። አንደኛው ጉዞው ሲሰረዝ ወይም ሲቋረጥ የወጣውን ገንዘብ የሚተካው ነው። ሁለተኛው ሕክምናን፣ በሽተኛን ማጓጓዝንና አስከሬን መመለስን የሚሸፍነው ነው። ሁለቱን ያጠቃለለ ሙሉ ውል አረቦኑ (ለመድን ሰጪው የሚከፈለው ዋጋ) አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላ የጉዞው ወጪ ከ4 እስከ 10 በመቶ ይሆናል፤ ዕድሜ ሲገፋም ይጨምራል። የመርከቡ ዋጋ ለአንድ ሰው 500 ዩሮ ነው እንበል። ጉዞው ቢሰረዝ የሚጠፋው ከዚያ አያልፍም፤ ያናድዳል እንጂ ቤት አይፈታም። የአውሮፕላኑም ትኬት ብዙ ጊዜ ቅጣት ተከፍሎበት ቀኑ ይለወጣል። ስለዚህ ለመሰረዣው ብቻ አረቦን መክፈል ለአጭር ጉዞ አያዋጣም። ልዩነት የሚኖረው ስድስትና ሰባት ሆናችሁ ስትሄዱ ነው። አባታችሁ ቢታመሙ ሁላችሁም ትቀራላችሁ፤ የሚጠፋውም በሺዎች ይቆጠራል። ያን ጊዜ መሰረዣውም ይገዛ።

ከገዛችሁ ግን "የቅርብ ቤተሰብ" የሚለውን ትርጉም አንብቡ። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት ይገባሉ። አጎት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ በብዙ ውሎች የሉም። እኛ ዘንድ ለነዚህ ለቅሶ መቅረት የሚታሰብ አይደለም፤ መድን ሰጪው ግን በፈቃዳችሁ እንደቀራችሁ ይቆጥረዋል። የአርባ ተዝካርም ምክንያት ተብሎ አይያዝም።

ቪዛ መከልከልም በመደበኛ ውሎች የመሰረዣ ምክንያት አይደለም። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ መንገደኛ ዋናው ስጋት ደግሞ እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 (በፈረንጆች ኤፕሪል 2024) ባወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን (ግሪክን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ መመርመሪያ ጊዜውን ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አግዷል። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከኤምባሲው አረጋግጡ፤ ከዚያ በፊት ለመርከቡ የማይመለስ ክፍያ አትክፈሉ። ቅድሚያ ክፍያው የሚመለስበትን ትኬት ብትመርጡ ከማንኛውም መድን ይሻላችኋል፤ በዋጋ ትንሽ ቢወደድም እንኳ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የማያየው ወጥመድ አለ። ኩሻዳሲ ቱርክ ናት፤ መርከቡ እዚያ ሲደርስ ከሸንገን ወጣችሁ ማለት ነው። በማግስቱ ፍጥሞ ወይም ቀርጤስ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ትገባላችሁ። የእናታችሁ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ሁለተኛውን መግቢያ አይሰጥም። የመርከቡ ድርጅት ይህን ስለሚያውቅ ፓስፖርቱን ፒሬዎስ ላይ አይቶ አላሳፍርም ሊል ይችላል። በሰነድ ጉድለት የቀረ መንገደኛን የትኛውም መደበኛ መድን አይክስም። ስለዚህ ቪዛው ላይ "የመግቢያ ብዛት" የሚለውን መስመር ሳታዩ ትኬት አትቁረጡ። የቱርክን በኩል ደግሞ፣ ለአንድ ቀን ለሚወርድ የመርከብ ተሳፋሪ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር ምን እንደሚጠየቅ ድርጅቱ በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ አድርጉ።

ቪዛው የአንድ ጊዜ ከሆነ ወይ የግሪክ ደሴቶችን ብቻ የሚዞር መርከብ ፈልጉ፣ ወይም የሽርሽሩን ሐሳብ ተዉት። ከፒሬዎስ ወደ ፍጥሞ መደበኛ የመንገደኛ መርከብ አለ፤ ሰባት ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ደሴቷ ላይ ሁለት ሌሊት አድሮ መመለስ ይቻላል። በሽርሽሩ መርከብ ፍጥሞ ላይ የሚሰጣችሁ ጥቂት ሰዓት ነው፤ የራእዩን ዋሻና ከላዩ ያለውን ገዳም ተሯሩጦ ማየት ለአረጋውያን አይመችም። ለመሳለም ለሚሄድ ሰው መደበኛው መርከብ እንደሚበልጥ አምናለሁ። ኤፌሶን ግን ይቀራል፤ ይህን ለወላጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ። ለሸንገን ቪዛ የሚቀርበው መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ አስቸኳይ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን ይጨምራል። ይህን ወረቀት የያዘ ሰው "መድን አለን እኮ" ይላል። አለ፣ ግን ሁለት ቦታ ላይ ያጥራል።

የመጀመሪያው ክልሉ ነው። ርካሹ ውል "የሸንገን አገሮች" ብቻ ይላል። እናታችሁ ኤፌሶን ላይ እብነ በረዱ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ቢሰበር ያ ቀን ከውሉ ውጭ ነው። "አውሮፓና ቱርክ" ወይም "መላው ዓለም" የሚል ክልል ጠይቁ። የሽርሽር መርከብ ጉዞ እንደሚሸፈንም በግልጽ የተጻፈበት ገጽ ይኑራችሁ፤ አንዳንድ ውል ይህን ተጨማሪ የሚከፈልበት አማራጭ ያደርገዋል።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። መርከቡ ላይ ሐኪምና ትንሽ ክሊኒክ አለ፤ ማስታገሻ፣ ግሉኮስ፣ ኦክስጅን አያጣም። ቀዶ ሕክምና ግን አይደረግም። ከባድ ሕመም ሲሆን በሽተኛው በሚቀጥለው ወደብ ይወርዳል፤ ትንሽ ደሴት ከሆነች ደግሞ ወደ አቴንስ ወይም ወደ ቀርጤስ ይወሰዳል። ሐኪም አብሮ በአልጋ እስከ አዲስ አበባ መመለስ ካስፈለገ ወጪው 30,000ውን በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል። ለሕክምና 100,000 ዩሮ፣ ለማጓጓዣ ደግሞ ከዚያ የማያንስ ሽፋን መፈለግ ተገቢ ነው። በአረቦኑ ላይ የሚጨምረው ብዙ ጊዜ ከምታስቡት ያነሰ ነው፤ ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን ጠይቁ።

የአከፋፈሉ መንገድም እኩል ያሳስባል። የመርከቡ ክሊኒክ ሒሳቡን በክፍላችሁ መዝገብ ላይ ይጽፈዋል፤ ስትወርዱ ከካርዳችሁ ይቆረጣል። የባሕር ዳርቻ ሆስፒታልም ዋስትና ወይም መያዣ ሊጠይቅ ይችላል። ከጎጃም የመጣ አዛውንት የዶላር ካርድ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ "ከፍላችሁ ደረሰኝ አምጡ" የሚለውን ውል ሳይሆን፣ የመድን ሰጪው የእርዳታ ስልክ ማዕከል ለሆስፒታሉ በቀጥታ የሚከፍልበትን ምረጡ። የማዕከሉን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡ፤ ባሕር ላይ ኔትወርክ አይታመንም። ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ሳትደውሉ ሆስፒታል አትተኙ፤ ያለ ፈቃድ የወጣ ወጪ አንከፍልም የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው።

ለመድን ሰጪው የሚቀርብ የካሳ ይገባኛል ጥያቄ የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ነባር ሕመም ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሳይናገር ከገዛ ውሉ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ብዙ ውሎች ከግዢው በፊት ያለውን ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 180 ቀን፣ ወደ ኋላ ይመረምራሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ሕመሙ "ያልተረጋጋ" ይባላል። እኛ ዘንድ ይህ በጾም ጊዜ ይመጣል። ለሁዳዴ ወይም ለፍልሰታ ሲባል ሐኪሙ የስኳሩን መድኃኒት መጠንና ሰዓት ይቀይራል፤ ለጤናቸው የተደረገ መልካም ማስተካከያ ነው፣ መድን ሰጪው ዘንድ ግን የመጠን ለውጥ ሆኖ ይመዘገባል። መፍትሔው መደበቅ አይደለም። ሐኪሙ ለውጡ ለጾም መሆኑንና ሕመሙ በቁጥጥር ሥር እንዳለ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ይስጥ፤ ደብዳቤው ከግዢው በፊት ለመድን ሰጪው ይግባ፤ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ። ነባር ሕመምን ጨርሶ የማይሸፍን ውል ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ለአረጋዊ ወላጅ የሚገዛ መድን ዋና ሥራው ይኸው ነው።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ግን ሕመምን ሳይሆን መስመጥን ነው። ጣና ላይ በጀልባ ያልተሻገረ ሰው ባሕርን ቢፈራ አይፈረድበትም። ይህኛው አደጋ ግን በአውሮፓ ሕግ ተይዟል። የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 392/2009 መርከብ ቢሰምጥ፣ ቢጋጭ ወይም ቢቃጠል አጓጓዡ ለሞተ ወይም ለተጎዳ መንገደኛ፣ ጥፋተኛ መሆኑ ሳይረጋገጥ እንኳ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር እስከ 250,000 የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ (SDR የሚባለው፤ ዩሮ ወይም ዶላር አይደለም) ድረስ ተጠያቂ ያደርገዋል። ለዚህም መድን የመግባት ግዴታ አለበት። ደንቡ ክፍል ውስጥ ለተነሳ የልብ ሕመም ወይም ለስኳር መውደቅ ግን አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። መድን የሚገዛው ለእንዲህ ያለው ሕመም ነው።

ስለ መቅረት ደግሞ ከጎጃም አንጻር እንነጋገር። ሽርሽር መርከብ ሰው አይጠብቅም፤ ምዝገባው ከመነሻው ሰዓት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ይዘጋል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው የአባይ በረሃ ቁልቁለት በክረምት ናዳ ሊዘጋው ይችላል። "መነሻ ያመለጠው" የሚለው ሽፋን የሚሠራው ብዙ ጊዜ የሕዝብ ማመላለሻ፣ አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ፣ ዘግይቶ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው፤ በዘመድ መኪና መጥታችሁ ከቀራችሁ አይከፈልም። በጸጥታ ምክንያት መንገድ ቢዘጋም አብዛኛው ውል ጦርነትንና ሁከትን በግልጽ ያስወጣል፤ ስትገዙ አስቀድሞ የታወቀ ችግርንም አይሸፍንም። ስለዚህ በዚህ በኩል በመድን አትመኩ። ወላጆች አዲስ አበባ ከበረራው ሦስት ቀን ቀድመው ይግቡ፤ አቴንስ ደግሞ ከመርከቡ ቢያንስ አንድ ሌሊት ቀድመው ይደሩ። ያ ሌሊት ከብዙ አንቀጽ ይበልጣል።

በሐምሌና በነሐሴ ኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ካፒቴኑ በዚህ ምክንያት አንድ ወደብ ሊዘል ይችላል። ፍጥሞ ብትዘለል ትኬቱ አይመለስም፤ ጥቂት ውሎች ብቻ ትንሽ ካሳ ይሰጣሉ። ዋናው ዓላማ ፍጥሞ ከሆነ ግንቦትን ወይም መስከረምን ምረጡ።

ከየት ይገዛ? የመርከቡ ድርጅት ገጽ ላይ የሚቀርበው መድን ብዙ ጊዜ ለተወሰኑ አገሮች ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ የሚኖር ሰው ከፍሎበት እንኳ ብቁ ላይሆን ይችላል። የልጁ የባንክ ካርድ መድንም ባለቤቱን፣ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን እንጂ ወላጆቹን ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ ወይ አዲስ አበባ ካለ መድን ድርጅት፣ ወይም በኢትዮጵያ ነዋሪነት እንደሚቀበል በግልጽ ከጻፈ የውጭ ድርጅት ይገዛ። ቪዛ ቢከለከል አረቦኑ ይመለስ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የአባትና የአያት ስም ቦታ ተለዋውጦ ወይም አያት ተዘልሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። የልደት ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገብቶ ከሆነ ወዲያው ይታረም። የሽፋኑ መጀመሪያ ከቤት የሚነሱበት ቀን፣ መጨረሻው ከመመለሻው ሁለት ሦስት ቀን አሳልፎ ይሁን። በመጨረሻም አስከሬን ስለመመለስ የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ለመናገር የሚከብድ ነገር ነው፤ ግን ወላጅ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መቀበር እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ውል የሚያደርሰው እስከ ቦሌ ነው። ከቦሌ እስከ ሞጣ ወይም እስከ ቢቸና ያለውን ማን እንደሚሸፍን ጠይቁ፤ መልሱ "ቤተሰብ" ከሆነ ያን ወጪ አስቀድማችሁ ያዙ።