ስም የማይጻፍበት ክበብ

የተማሪ ክበብ መምራት ሲባል ብዙ ሰው ንግግርና ሰልፍ ይመስለዋል። የኔ ሥራ በአብዛኛው ፎርም መሙላት ነው። ክፍል ማስያዝ፣ ፒዛ ማዘዝ፣ ደረሰኝ መሰብሰብ። የምማረው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ዘንድሮ የኤልጂቢቲኪው፣ ማለትም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪና የትራንስጀንደር ተማሪዎች፣ ክበብ ሰብሳቢ እኔ ነኝ።

ራስ ምታቴ የስም ዝርዝር ነው።

እያንዳንዱ ተማሪ በየሴሚስተሩ ከትምህርት ክፍያው ጋር ለተማሪዎች እንቅስቃሴ የሚውል ገንዘብ ይከፍላል። ለክበቦች የሚከፋፈለው እሱ ነው። የኮሌጁ ቢሮ በጀት ከመስጠቱ በፊት የአባላትን ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ኢሜይል ይጠይቃል። ለቼዝ ክበብ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። እኛ ጋ የሚመጡት ግን ሁሉም ለቤተሰባቸው የተናገሩ አይደሉም። የትምህርት ቤት ክፍያውን የሚከፍለው አባት ነው፤ ስልኩም በአባት ስም ነው። የሐበሻ ልጆች ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። ሐበሻ በሚበዛባት ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰው ወሬውን ከሰማ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናትህ ጆሮ ገብቷል። ክረምቱን አገር ቤት ለማሳለፍ ትኬት የቆረጠ ልጅ የሚያስበው ሌላም ነገር አለው፤ እዚያ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርገው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ።

የኔ ስም ዝርዝሩ ላይ አለ። እናቴ ታውቃለች። ብዙ አልቅሳ፣ ብዙ ጸልያ፣ በመጨረሻ «ለአክስትሽ ግን እንዳትነግሪያት» አለችኝ። ለኔ ይሄ ትልቅ ፈቃድ ነው። ሁሉም ግን የኔ ዓይነት እናት የለውም።

መውጫውን ያገኘሁት ከድሮ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት የተማሪዎች ማኅበር ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቋቋመው «ስቱደንት ሆሞፋይል ሊግ» ነው። መሥራቹ ሮበርት ማርቲን በአደባባይ የሚጠራው ስቲቨን ዶናልድሰን በሚል ሌላ ስም ነበር። ዩኒቨርሲቲው የአባላት ዝርዝር ካላመጣችሁ እውቅና የለም አላቸው። ስሙን የሚሰጥ ሲጠፋ ነገሩ ለወራት ተጓተተ። በኋላ ልጁ ብልሃት ዘየደ። በግቢው የታወቁ የተማሪ መሪዎችን ለወጉ ያህል አባል ሁኑልኝ ብሎ አስመዘገበ። በእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1967 ተፈቀደላቸው። የኒውዮርክ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በፖሊስ ላይ የተነሡበት ስቶንዎል ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

እኛም እሱኑ አደረግን። ከተማሪዎች ምክር ቤት የሚፈርሙ አገኘን። መጀመሪያ የፈረመችው ግን የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት አባል የሆነች ጓደኛዬ ናት። «እፈርማለሁ፤ የፒዛ ድርሻዬ ግን እንዳይቀር» አለች። እስካሁን አልቀረባትም።

ከኛው መካከል የተቆጣ አልጠፋም። አንድ የአራተኛ ዓመት ልጅ «እዚህም ተደብቀን ልንኖር ነው?» አለ። ወላጆቹ የፕራይድ ሰልፍ ላይ አብረውት የሚወጡ ልጅ ነው፤ ቢናገር አይፈረድበትም። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ ለሚለው ልጅ አደላለሁ። ደፋሩ ክበብ ባይኖርም አይቸገርም።

«በኔ ገንዘብ እንዴት?» የሚሉም አሉ። ለነሱ መልሱ አጭር ነው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደዋል። በእ.ኤ.አ. 2000 የተሰጠው ውሳኔ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገንዘቡን በአመለካከት ሳያበላልጥ እስካከፋፈለ ድረስ ክፍያውን መሰብሰብ ይችላል የሚል ነው። እኛን የሚቃወመው ክበብም በጀት የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ይሁን፤ ያግኝ።

ከኛ ብዙም በማይርቀው ጆርጅታውን የተፈረደው ፍርድ ደግሞ የሚገርም ነው። የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እንደኛ ዓይነት ክበብ ካላቸው ተማሪዎቹ ጋር የገጠመው ክርክር ዓመታት ፈጅቷል። በእ.ኤ.አ. 1987 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለተማሪዎቹ እንደ ሌሎቹ ክበቦች መገልገያውን ሁሉ ስጧቸው፣ እውቅና ስጡ ብለን ግን አናስገድዳችሁም አለ። ብዙ ሰው ይሄን ግማሽ ድል ይለዋል። እኔ ፎርም ስሞላ የምውል ሰው ስለሆንኩ ክፍሉን እመርጣለሁ። ክፍል ካለ ልጆቹ ይመጣሉ።

አሁን ደግሞ ምርጫ ደርሷል፤ እኔ ልመረቅ ነው። የሰብሳቢ፣ የጸሐፊና የሒሳብ ያዥ ስም ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ የታወቀ ሰው ተውሶ ማለፍ አይቻልም፤ ኃላፊው በየስብሰባው መገኘት አለበት። ሒሳብ ላይ ከሁላችን የምትሻለው አንዲት ሁለተኛ ዓመት የሐበሻ ልጅ ናት። ስሟ እንዲወጣ አትፈልግም፤ እኔም አልጫናትም። ፒዛ ወዳዷ ጓደኛዬ ሒሳብ ያዥ ልሁን ብላለች፤ ልጅቷም ደብተሩን ልታስተምራት ተስማምታለች። ቢሮው ስሞቹን እስከ ዓርብ ይፈልጋል። ጸሐፊ ገና አላገኘንም።