እጅሽን ተይውና አብሲቱን ንገሪኝ

ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ ነው። የሐምሌን ብርድ ሰው በጋቢ ያልፈዋል፤ የእርሾ ሥራ ግን ይጓተታል። ለካፌዎች እንጀራ በሚያቀርብ አንድ ቤት፣ ሥራ ከገባች ሦስት ሳምንት የሆናት ልጅ ሰኞ ያቦካችው ሊጥ ላይ ረቡዕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አብሲት (ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ በስሎ ተመልሶ የሚጨመረውን) ጣለችበት። ማሟሻው ድፍን ወጣ። ሁለተኛውም ዳር ዳሩን ጥቂት ዓይን፣ መሀሉ ቂጣ።

የፈረቃው ኃላፊ ጮኸባት። ቀጥሎ የጋገረችው ደግሞ ባሰ፦ እጇ ስለተንቀጠቀጠ ከዳር ወደ መሀል ስታዞረው ሊጡ ተቆራረጠ፣ ቀዳዳውን ልትደፍን ስትጨምር ወፈረ። «እጄ ለእንጀራ አይሆንም፤ እናቴም ትለኝ ነበር» አለች።

ይህች አባባል ብዙ ጥሩ ጋጋሪ አባራለች። እጅ ከተረገመ ምን ይደረጋል? አብሲት ግን ይጠገናል።

አንጋፋዋ ጋጋሪ ምጣዱን አጥፍተው ልጅቷን በርጩማ ላይ አስቀመጧት። «ልጄ፣ እጅሽን ተይውና አብሲቱን ንገሪኝ። ከመጨመርሽ በፊት ጣትሽን ነክረሽ ነበር?»

«አይ እትዬ፤ እየተንተከተከ ነው የገለበጥኩት።»

ትኩስ አብሲት እርሾውን ይገድላል፤ ጣት እስኪችለው መብረድ አለበት። ለምን አላበረደችውም? ኃላፊው ራሱ «ቶሎ በይ፣ መኪናው 12 ሰዓት ይመጣል» ብሏት ነበር። በርሜሉም በሩ ሥር፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው የከረመው፤ ሽታው ገና አፍለኛ ነበር።

ሊጡን አልደፉትም። ከሌላ በርሜል የደረሰ እርሾ አንድ ጆግ አከሉበት። አዲሱን አብሲት ያቺው ልጅ እንድትሠራ አደረጉ፦ ከ20 ሊትሩ ሊጥ 2 ሊትር ቀድታ 4 ሊትር በሚፈላ ውሃ ላይ ጨመረች፣ እንዳይጓጉል ሳታቋርጥ አማሰለች፣ ወፍሮ ሲንተከተክ አወረደችው። ከዚያ ጠበቀች። ከባዱ ይሄኛው ነው፤ ሁለት ጊዜ ጣቷን ነክራ ሁለቴም መለሰችው። በርሜሉ ጣውላ ላይ ወጣ፣ ብርድ ልብስም ለበሰ። ኃላፊው ለካፌዎቹ እየደወለ የሦስት ሰዓት ጊዜ ለመነ፤ ቁጣውንም እሱው ጠጣው።

ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ታሰሰ። ዓይኑ ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል ተከፈተ፤ ልጅቷ አይታ ስላልጠገበች አክንባሎውን ለመድፋት ዘገየች። አንጋፋዋ ማሟሻውን በሚጥሚጣ ጠቅልለው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኃላፊው ሰጡት።